ሳህኑን ባዶ አድርጎ ይመልስ የነበረው ሰው

እህቶቼ፣ ከጋምቤላ ስወጣ የት እንደምሄድ ለሁላችሁም ነግሬያችሁ ነበር። ለምን እንደምሄድ ግን ለአንዳችሁም አልተናገርኩም። እንግዲህ እግዚአብሔር በሰላም መለሰኝ፤ በማኅበራችን ቀን በቃል ላወራው ብሞክር እንባ እንደሚቀድመኝ ስለማውቅ፣ የሆነውን ቀን በቀን ለይቼ ጽፌዋለሁ። አቃቂ ቃሊቲን አይታችሁ የማታውቁ ትበዛላችሁ። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው እንኳ ፋብሪካና የጭነት መኪና ብቻ አይቶ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ባሌ ወደዚህ ተመድቦ እስክንመጣ ድረስ ሌላ አገር አላውቅም ነበር።

የጠራኝ ታላቅ ወንድሜ ኃይሉ ነው። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ባቡሩ እስኪቆም ድረስ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ለአሥራ አራት ዓመት ደግሞ የሰፈሩ እድር ዳኛ ነው። ስልክ ደውሎ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ እንዲህ አለኝ፦

«እታለም፣ ዘውዴ እድር ልግባ ብሎ አመልክቷል። ብቻዬን እምቢ ብል በወንበሩ ተበቀለ ይሉኛል። ብቻዬን እሺ ብል የእናታችንን እንባ ረሳ ትይኛለሽ። ስለዚህ ነይ።»

ዘውዴ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ጥበቃ ኃላፊ ነበር። የእኔ ታላቅ፣ የጋሼ ታናሽ የሆነውን ሰሎሞንን አንድ ማክሰኞ ከቤታችን የወሰደው እሱ ነው። ሰሎሞን የአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ ነበር፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በማግስቱ እናታችን ምግቡን በሳህን አድርጋ በጨርቅ ቋጠረች፤ እኔም ተከትያት ወደ ቀበሌው እስር ቤት ሄድኩ። ዘውዴ በር ላይ ሆኖ ተቀበለን። በማግስቱ ባዶውን ሳህን መልሶ አዲሱን ወሰደ። በዚያ ዘመን ባዶ ሳህን ማለት ልጁ በሕይወት አለ፣ በልቷል ማለት ነው። አሥራ አንድ ቀን ተመላለስን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሌላ ጠባቂ ወጥቶ «ከእንግዲህ አታምጡ» አለን። አብረውት ታስረው የነበሩ ልጆች ሲፈቱ እንደነገሩን ግን ሰሎሞን ከዚያ ግቢ ላይመለስ ተጭኖ የሄደው ገና በሁለተኛው ቀን ነው።

እህቶቼ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ከእኔ ጋር የኖረው ጥያቄ ይህ ነው፦ የዘጠኙን ቀን ምግብ ማን በላው? ለንስሐ አባቴ «ከአንድ ሰው በቀር ሁሉንም ይቅር ብያለሁ» እያልኩ ስንት ጾም አሳልፌያለሁ። ያ አንድ ሰው ዘውዴ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ታስሮ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ፤ አርጅቶ ተፈታ። አሁን ደግሞ ስንሞት የሚቀብሩን ሰዎች እሱንም እንዲቀብሩት ይለምናል።

ሐሙስ

አውቶቡሱ ባሮን ተሻግሮ ሲወጣ ገና አልነጋም ነበር። ጥንቃቄዬን ታውቁታላችሁ፤ የራሴን ኩባያ፣ የራሴን አንሶላ፣ የራሴን ቁልፍ ይዣለሁ። ለጋሼ ቤት ብዬ አንድ ከረጢት ማንጎ ከመቀመጫዬ ሥር አስገብቻለሁ። ጎሬ ሳንደርስ ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት የማር ጀሪካናቸውን አንሸራትተው ማንጎው ላይ አሳረፉት። ጭማቂው በአውቶቡሱ ወለል ላይ እስከ ሾፌሩ ወረደ።

ረዳቱ ዝቅ ብሎ አይቶ «ይቺ ሴትዮ ጁስ ቤት ከፍታለች» አለ።

አዛውንቱ በጣም አዘኑ። ምሳ ስንቆም ከማራቸው ጨልፈው በቅጠል ሰጡኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምጾም ስነግራቸው «እንግዲያው ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እኔ ይዤልሽ እቆያለሁ» ብለው እውነትም ቅጠሉን በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ሰዓቱ ሲደርስ ሰጡኝ። የጎሬ ማር ነጭ ነው፤ እኛ ዘንድ ከሚመጣው ይለያል።

በደሌ አደርን። አልጋ የያዝኩበት ቤት ንጹሕ ነው፤ የበሩ መሸንጎሪያ ግን ላላብኝ። ስለዚህ በራሴ ቁልፍ ቆልፌ ለእራት ወጣሁ። ስመለስ መክፈቻው ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ ደግሞ ከተቆለፈው በር ውስጥ ነው። የቤቱ ባለቤት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናቸው፤ የቡና ዘነዘና ይዘው መጡና ቁልፌን በሁለት ምት ሰበሩት።

«አሁን በምን ልተኛ?» አልኳቸው።

«በአልጋ ነዋ» አሉኝ። ከዚያ አግዳሚ ወንበራቸውን አስጎትተው ከክፍሌ በር ፊት አስቀመጡና ጋቢያቸውን አምጥተው ጋደም አሉ። «ቁልፉ እኔ ነኝ፣ እናቴ። በእኔ ላይ ተረማምዶ የሚገባ ካለ ይግባ።»

እኔ መንገዱን ሁሉ ሌባ ስጠብቅ ነው የመጣሁት። እኚህ ሴትዮ ደግሞ ስሜን እንኳ አያውቁም። በዚያ አልጋ ላይ ሆኜ፣ የማያውቀውን ሰው የሚጎዳ እንዳለ ሁሉ የማያውቀውን የሚጠብቅም መኖሩን፣ የመጀመሪያውን ሁልጊዜ እየቆጠርኩ ሁለተኛውን ለምን እንደምረሳው አሰብኩ።

ዓርብ

ጅማን አልፈን፣ ጊቤን ወርደን ወጥተን፣ መርካቶ ስንደርስ ቀኑ ወደ ማምሻው ነበር። ብርዱ እጄን አደነዘዘኝ። ጋምቤላ ላይ በዚህ ሰዓት ሰው ከግቢው ወጥቶ ነፋስ የሚለምንበት ነው፤ እዚህ ሁሉም ተከናንቦ ይሮጣል። እስከ ሳሪስ በአንድ ሚኒባስ፣ ከሳሪስ አቦ ደግሞ በሌላ ተሳፈርኩ። አቦን ስናልፍ ብዙዎቻችን አማተብን፤ ሾፌሩም መሪውን በአንድ እጁ ይዞ አማተበ፤ እኔ ለዚያ እጁ ደግሜ አማተብኩ።

አጠገቤ ያለ ሰው በመስኮት አሻግሮ እያየ፣ በኮዬ ፈጬ በኩል ማሳው ሁሉ ፎቅ ሊሆን መሆኑን ያወራ ጀመር። «ያ ሁሉ ጤፍ ይታጨድበት የነበረ መሬት ነው። ገበሬው የት ገባ ብሎ የጠየቀ አለ?» አለ።

ማንም አልመለሰለትም። ረዳቱ ብቻ «ወንድም፣ ፖለቲካ ትርፍ መጫን ነው፤ ትራፊክ ያስቆመናል» አለው። ሰው ሳቀ፤ ሰውየውም ሳቀና ዝም አለ። በደርግ ጊዜ እንዲህ ያለ ሳቅ አልነበረም፤ እሱን እግዚአብሔር ይመስገን። ዝምታው ግን ያው ነው።

ከእኔ ፊት ቃሊቲ ላይ የተሳፈሩ ሁለት ሴቶች ባዶ ምሳ ዕቃ በፌስታል ይዘው ተቀምጠዋል። እስረኛ ጠይቀው የሚመለሱ ናቸው። አንደኛዋ የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍታ ለጓደኛዋ አሳየቻት፤ «ጨርሶታል» አለች፤ ፊቷ በራ። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ።

ቅዳሜ

ዓርብ ማታ ስደርስ የጋሼ ሚስት ብርቄ ከደጃፍ ጀምራ አቅፋኝ ነበር የገባችው። ከማንጎው የተረፉት አራት ብቻ ናቸው፤ እነሱን በሰፌድ አድርጋ እንደ ትልቅ ነገር ለጎረቤት አሳየች። ሽሮና ጎመን፣ ስልጆም ነበረ። አሥር ዓመት ያልቀመስኩት ስልጆ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ወሰደችኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቁ ድስት የሚቀመጡበት የቆርቆሮ ቤት ነው። በዚህ እድር አዲስ ሰው ሲያመለክት ስሙ ወር ሙሉ በሩ ላይ ይለጠፋል። የሚቃወመው ሰው ካለ በስብሰባው ቀን፣ በአመልካቹ ፊት፣ ቆሞ ይናገራል። በጽሑፍና በሹክሹክታ የሚመጣ ተቃውሞ አይሰማም። አመልካቹ ደግሞ ሁለት ዋስ ያስፈልገዋል።

ወረቀቱ ዝናብ መቶት ጠውልጓል፤ የዘውዴ ስም ግን ይነበባል።

«በየቀኑ ይመጣል» አለችኝ ብርቄ።

«ምን ሊያደርግ?»

«ሊያነበው። የራሱን ስም አንብቦ፣ አለመቀደዱን አይቶ ይሄዳል። ሁለት ሌላ እድር መልሶታል። ሚስቱ እሱ ታስሮ ሳለ ሞተች፤ እሷን ማን እንደቀበራት እንኳ አያውቅም።»

«ዋስ የሆነው ማነው?»

«ማን ይሆነዋል?»

የእድሩ ጸሐፊ ሸምሱ ሱቁ እዚያው አጠገብ ነው። የስልጤ ሰው ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት እድር ስለሆነ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም በኩል ከቀብር የቀረውን አባል የሚመዘግበው እሱ ነው። ለስላሳ ከፍቶ ሰጠኝና «እትዬ፣ ነገ እንዴት አሰቡ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት። ውሸቴን ነበር። የማስበውን እኔም በደንብ አውቅ ነበር። በሰው ፊት ላዋርደው፣ ከዚያ እምቢ ልለው ነው።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ በዕቃ ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ጋሼ ከትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ፊቱ ነው። ሸምሱ መዝገቡን ገልጦ «አመልካች አቶ ዘውዴ» ሲል አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ መሃል ገባ።

በልጅነት ዓይኔ ያየሁት ዘውዴ በሩን የሚሞላ ሰው ነበር። ይህኛው ከእኔ ትከሻ አይበልጥም። የኮቱ እጅጌ መዳፉን ሸፍኖታል። እግሩ ይንቀጠቀጣል።

ጋሼ ተነሳ። «በዚህ ጉዳይ ወንበሩ ላይ ሆኜ አልናገርም። እህቴ ከጋምቤላ ድረስ መጥታለች። እሷ ትናገር» አለና ተቀመጠ።

ቆምኩ። ሸምሱ ከአጠገቡ ያለውን በርጩማ እያየ «እትዬ፣ ሽማግሌው ይቀመጡ?» አለኝ።

«ይቁም» አልኩ።

እህቶቼ፣ የዚህን ጉዞ ነገር ከጻፍኩ ይህን መደበቅ አልችልም። «ይቁም» ስል ጣፈጠኝ። ሁለት መቶ ሰው አፌን ያያል፤ አንድ ሰው በእኔ ቃል ይቆማል፣ በእኔ ቃል ይቀመጣል። የምለውን አውቄ እያለ ዝም ብዬ ቆየሁ፤ ዝምታው እንዲያስጨንቀው ነው። ነጠላዬን አስተካከልኩ። እንደገና አስተካከልኩ። ሥልጣን የሚባለውን ነገር ዕድሜዬን ሙሉ የክፉ ሰዎች ነገር አድርጌ ነበር የማስበው። መሣሪያ የያዙት፣ ማኅተም የያዙት ሰዎች ነገር። እኔ የጸሎት መጽሐፍና አንድ ቃል ብቻ ይዤ፣ ከቅዳሴ በወጣሁ በሰዓት ውስጥ፣ አንድን ሽማግሌ በእግሩ አቁሜ አንቀጠቀጥኩ። ያን ጊዜ ራሴን ፈራሁት። እሱ በሠላሳ አምስት ዓመቱ መሣሪያ ሲያስታጥቁት ምን ቀመሰ? እኔ ያን መሣሪያ ብታጠቅ ምን አደርግ ነበር? መልሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

«የዘጠኙን ቀን ምግብ ማን በላው?» አልኩት።

የምን ምግብ ብሎ አልጠየቀኝም።

«ውስጥ ያሉት» አለ። ድምፁ ቀጭን ነው። «ስንቅ የማይመጣላቸው ነበሩ፤ ዘመድ የሌላቸው። ለነሱ ሰጠሁት። አንድ ቀን ደግሞ እኔ በልቼዋለሁ። ዕድሜዬ ሄዷል፤ ውሸት አልጨምርበትም።»

«ለእናቴ ለምን አልነገርካትም?»

«ልነግራቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ በሩ ላይ እቆማለሁ። ይመጣሉ። ሳህኑን ይሰጡኝና ‹እደግ፣ ልጄ› ይሉኛል። ሰፈሩ እንዳለ እኔን ይፈራ ነበር። እኔ እናትሽን ፈራሁ።»

ከሴቶቹ ወንበር አንዷ «አይ ፈሪ! ፈርቶ ነው እንግዲህ ዘጠኝ ቀን ያስቀቀላት» አለች። አጠገቧ ያሉት አሮጊት «አንቺ ደግሞ ዝም በይ፣ ልጅቷ ትጠይቅበት» አሏት።

እኔ ግን የምጠይቀው አለቀብኝ። ክፉ መልስ ነበር ይዤ የመጣሁት፤ ለክፉ መልስ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ለፈራ ሰው ያዘጋጀሁት ቃል የለኝም።

ያኔ ጋሼ ከተቀመጠበት ተናገረ። ጠረጴዛውን እንጂ ማንንም አያይም።

«እናታችን ታውቅ ነበር።»

«ምን?» አልኩት።

«በሦስተኛው ቀን የላከችው ምስር ነበር። ሳህኑ ተጠርጎ ተመለሰ። ሰሎሞን ምስር ይበላ ነበር?»

አይበላም ነበር። ቢርበው እንኳ ለቅሞ ዳር ያደርገዋል እንጂ አይቀምስም። ያንን ሳህን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ደስ ብሎኝ እየዘመርኩ።

«ከመሞቷ በፊት ነው የነገረችኝ» አለ ጋሼ። «ለእታለም እንዳትነግራት አለችኝ። ሳህኑን ስታጥቢ ደስ ይልሽ ስለነበር ነው። ‹ታዲያ ማለፉን ካወቅሽ ለምን ስትመላለሺ ነበር?› አልኳት። ‹የሚበላ ሰው ነበራ› አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።»

የዘውዴ ባርኔጣ ከእጁ ወደቀ። ሸምሱ ይህን ጊዜ ማንንም አልጠየቀም፤ በርጩማውን ስቦ ከኋላው አስጠጋለት። ዘውዴ ተቀመጠና ፊቱን በሰፊው እጅጌው ሸፈነ።

እኔ እናቴን ጸሎተኛ፣ ምስኪን፣ የተታለለች ሴት አድርጌ ነበር የማውቃት። በልጇ ሬሳ ላይ እንኳ ማልቀስ ተከልክላ፣ ባዶውን ሳህን ከገዳይ እጅ ተቀብላ፣ እየመረቀችው፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ስምንት ቀን ወጥ ሠርታለች። በዚያ በር ላይ ከሁለቱ ማንኛው ኃይለኛ እንደነበረ አሁን ገባኝ። ስለ ሰላም በየስብሰባው ብዙ ሲባል እሰማለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን የሚናገረው ሰው አላየሁም።

«ተቃውሞ የለኝም» አልኩና ተቀመጥኩ።

ሸምሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለት ዋስ። አንዱ እኔ ነኝ፤ ጸሐፊን የሚከለክል ደንብ የለም። ሁለተኛ?»

እጅ የለም። ሰዎች ጫማቸውን ያያሉ። ሸምሱ ሁለተኛ ጠየቀ። ዘውዴ ለመሄድ ባርኔጣውን ከመሬት ፈለገ።

ጋሼ ተነሳ። ዳኛ ዋስ አይሆንም፤ ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው። ቁልፉን ከፊቱ አንስቶ ወደ ሸምሱ ገፋው፤ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ከበርጩማው ጎን ቆመ።

«ከዛሬ ጀምሮ ተራ አባል ነኝ። ጻፍ።»

«ዋስ ማን ተብሎ ይጻፍ?» አለ ሸምሱ።

«ስሜ ጠፋህ እንዴ?»

«ጋሽ ኃይሉ፣ ዋስ ስሙን በራሱ አፍ ይናገራል ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼም እንደ አዲስ ገቢ ስሙን እስከ አያቱ ተናገረ።

ሰኞ

ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳውን አውቶቡስ ለመያዝ መርካቶ ማደር ስላለብኝ ረፋዱ ላይ ተሰናበትኩ። ጠዋት የእድሩ ጥሩምባ ተነፍቶ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ አንዲት አሮጊት አርፈዋል። ሰዉ ድንኳን ለመትከል ወጥቷል። ብርቄ ሻንጣዬን ይዛልኝ በዚያው አለፍን።

ጋሼ የድንኳኑን ረጅም ብረት በአንድ ጫፍ ይዟል፤ በሌላው ጫፍ ዘውዴ አለ። ትናንት አዛዥ የነበረውን ወንድሜን አንድ ወጣት የእድር አባል «አባቴ፣ ወደ ግራ!» እያለ ያዘዋል።

«ዝቅ አድርገው እንጂ» ይላል ጋሼ።

«ዝቅ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ነህ ሰማይ የሰቀልከው» ይለዋል ዘውዴ።

እየተናደዱ ነበር። ደስ የሚል ነገር አልነበረም በመካከላቸው፤ ብረቱን ግን አልለቀቁም።

ይቅር ብለሽዋል ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። የሰሎሞንን ነገር ገና ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገርኩበት ነው። የራሴ ዕዳ ግን ግልጽ ስለነበር ጠጋ አልኩ።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ትናንት ሆን ብዬ አስቆምኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

እጁ በብረቱ ተይዟል፤ ባርኔጣውን ማንሳት አልቻለም። አንገቱን ብቻ ዝቅ አደረገ።

«ልጄ፣ መቆሙን ቻልኩት» አለኝ። «የከበደኝ መቀመጡ ነው።»